ከቆጡ የሚጀምር ፕላን፦ በቦኖሻ ገጠር ትንሽ ቤት እንዴት ይነደፋል

በሐዲያ፣ በሻሾጎ ወረዳ ካለችው ቦኖሻ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በቦዮ ሐይቅ ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ የቤተሰብ መሬት እያላቸው ኑሯቸው ሌላ ቦታ የሆነ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ሆሳዕና ያስተምራል፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ትነግዳለች፣ ታናሹ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይልካል። ሁሉም በዚያ መሬት ላይ አንዲት ትንሽ ቤት መቀለስ ይመኛሉ፤ በመስከረም ለያሆዴ በዓል ሲመጡ የሚያርፉባት፣ በአጨዳ ሰሞን የሚያድሩባት። ገንዘቡ ትንሽ ቤት ይበቃል ይላል። ያሆዴ ሲደርስ ግን ልጅ፣ አማችና የልጅ ልጅ ስለሚሰበሰብ መኝታው ብዙ መሆን አለበት። ቆጥ የሚታሰበው ይሄኔ ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚታሰበው ዘግይቶ ነው። ግድግዳው በተለመደው ቁመት ከቆመ፣ ቆርቆሮውም ከተመታ በኋላ «እላይ ባዶ ቦታ አለ፤ ጣውላ እንረብርብበት» ይባላል። እንዲህ የተሠራ ቆጥ ላይ ሰው ቀጥ ብሎ አይቀመጥበትም፤ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ መሰላሉም በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ቤቷን ከቆጧ ጀምረው ይንደፏት። የግድግዳውን ቁመት፣ የምሰሶውን ቦታ፣ የምድጃውን ቦታና ቤቷ ወደየት እንደምትዞር የሚወስነው ቆጡ ነው።

ቆጡ ለማን ነው?

እርሳስ ከማንሳትዎ በፊት ይህን ይመልሱ። በሐዲያም ሆነ በከምባታ የቆየው ቤት ክብ ነው፤ ሣር ክዳኑ፣ መሃሉ ላይ ምሰሶ የቆመበት፣ ከብቱ በአንድ ወገን ሰው በሌላው ወገን የሚያድርበት። ምድጃው ውስጥ ይነዳል። እላይ በተረበረበው እንጨት ላይ እህል፣ ዘርና ዕቃ ይቀመጣል። ጭሱ የተሰቀለውን እያጠነ ነቀዙን ያርቃል፣ እንጨቱንም ከተባይ ይጠብቃል፤ ከዚያ በሣሩ መሃል ሾልኮ ይወጣል። የዚያ ቆጥ ሥራ ማስቀመጥ ነው፤ ጭስ የሚያስፈልገው ቆጥ ነው።

ቆርቆሮ ጭስ አያሳልፍም። ሰው የሚተኛበት ቆጥ ደግሞ ከጭስ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ መኝታና ማከማቻን በአንድ ቆጥ ላይ አያዳብሉ። በተለይ በርበሬ! ሻሾጎ በበርበሬዋ ከታወቀችው ሀላባ ጋር ይዋሰናል፤ በዚህ አገር በርበሬ የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ቆጥ ላይ የተቀመጠ ደረቅ በርበሬ ሙቀቱ ሲበረታ ብናኙና ሽታው ይነሣል፣ የተኛውን ሕፃን ሲያስለው ያድራል። በርበሬውና እህሉ ታች የራሳቸው ክፍል ይኑራቸው፤ ቆጡን ለልጆችና ለጎረምሶች ይተዉላቸው።

እናትና አባት መሰላል አይወጡም። የእነሱ አልጋ ታች፣ ከበሩ ብዙ ሳይርቅ ይሁን። ይህ የሚታለፍ ምክር አይደለም፤ «ለእኛ ለሽማግሌዎቹ መደቡ ይበቃናል» ቢሉዎትም እሺ አይበሉ።

ቦታውን ማየት

ቦዮ በክረምት ሲሞላ ዳርቻው እየሰፋ ወደ ግጦሹና ወደ እርሻው ይገባል። ቦታ ሲመርጡ መሬቱን በበጋ አይተው አይፍረዱ። በአካባቢው ያረጁ ሰዎች ውሃው በክፉ ዓመት እስከየት እንደደረሰ ዛፍ እየጠቆሙ ያሳዩዎታል። ከዚያ በላይ ያለውን ጉብታ ይምረጡ፤ የቤቷን ወለል ደግሞ ከዙሪያው መሬት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት።

አፈሩን በበጋ ይመልከቱ። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለበት ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ግድግዳም ይሰነጥቃል። በዋልካ ላይ መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ እስከ ጠንካራው ድረስ ተቆፍሮ በድንጋይ ይሞላ፤ ቋሚዎቹም ከድንጋዩ በላይ ይቁሙ። እንዲህ ሲሆን ምስጡም ወደ ባሕር ዛፉ ቋሚ በቀላሉ መንገድ አያገኝም።

እንሰቱን አይንኩት። የእንሰት ጓሮ ነፋስ ይሰብራል፣ ጥላ ይሰጣል፣ ቤቱም ቤት የሚመስለው በእሱ ነው። ቤቷ ጀርባዋን ለእንሰቱ፣ ፊቷን ለደጁ ሜዳ ትስጥ፤ በመካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ ይተዉ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነም ከወንድሞችዎ ጋር አሁኑኑ ይነጋገሩ፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ ይህ ወሬ መራራ ነው።

መጀመሪያ የሚሳለው ቁመቱ ነው

ብዙ ሰው ፕላን ሲባል ከላይ የሚታየውን የወለል ሥዕል ብቻ ያስባል። ቆጥ ላለው ቤት የመጀመሪያው ሥዕል ቤቷ መሃል ለመሃል ብትሰነጠቅ ከጎን የሚታየው ነው። የሒሳብ ደብተር ይውሰዱ፤ ባለ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ካሬው ጥሩ ነው። አንዱን ካሬ 25 ሴንቲ ሜትር ብለው ይቁጠሩት።

የወለሉን መስመር ያስምሩ። ረጅም ሰው ቆጥ ሥር አናቱን ሳይመታ እንዲያልፍ እስከ አግዳሚው እንጨት ድረስ 2.15 ሜትር ይተዉ። አግዳሚውና ጣውላው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወስዳሉ፤ የቆጡ ወለል 2.30 ሜትር ላይ አረፈ ማለት ነው። ግድግዳውን ወደ 2.90 ሜትር ያውጡት። የቤቷ ስፋት ከውጭ 5 ሜትር ሆኖ ጣሪያው 30 ዲግሪ ሲያዘነብል አናቱ ከግድግዳው ጫፍ 1.44 ሜትር ይነሣል። ለኮርኒስና ለወራጅ 15 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ ቆጡ መሃሉ ላይ 1.89 ሜትር ቁመት ይኖረዋል፤ ብዙ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምበታል። ከመሃል ወደ ጎን 1.70 ሜትር ሲሄዱ 90 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ እዚያ ቁጭ ማለት ይቻላል። ግድግዳው ሥር ያለው ደግሞ ለልብስና ለሻንጣ ብቻ ይሆናል።

አሁን ግድግዳውን 2.40 አድርገው ያንኑ ሒሳብ ይሥሩት። የቆጡ መሃል 1.39 ሜትር ይሆናል፤ ዳሩ እንዳለ ይጠፋል። ቆጥ ሰው የሚያድርበት መሆን አለመሆኑን የሚለየው ያ የ50 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው። ዋጋውም ትንሽ ረዘም ያለ ቋሚና ጥቂት ተጨማሪ ጭቃ ነው፤ ጣሪያው አይጨምርም። በዚህ ላይ አይቆጥቡ።

ስፋቱን ቆርቆሮው ይንገርዎት

5 ሜትር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በየገበያው በብዛት የሚሸጠው ቆርቆሮ 2 ሜትር ርዝመትና 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው (ከመግዛትዎ በፊት በሜትር ይለኩት)። ሁለቱ በ20 ሴንቲ ሜትር ሲደራረቡ 3.80 ሜትር ይሸፍናሉ። የ5 ሜትር ስፋት ግማሹ 2.50 ነው፤ 70 ሴንቲ ሜትር የጣሪያ ክንፍ ሲጨመርበት በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 3.70 ሜትር ይመጣል። ሁለት ቆርቆሮ ሳይቆረጥ ልክ ይገባል። በጎን በኩል ሲነባበር አንዱ ቆርቆሮ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ስምንት ሲደረደር 6.40 ሜትር። ከዚያ ላይ በየጫፉ 45 ሴንቲ ሜትር ሲተው የቤቷ ርዝመት 5.50 ሜትር ይሆናል። በአጠቃላይ 32 ቆርቆሮ፣ አናቱን ከሚከድነው ሌላ። እንዲህ ሲነደፍ የሚጣል ቁራጭ አይኖርም። ቁጥሩ ያነሰው ቆርቆሮ ወፍራም መሆኑንም አይርሱ፤ 28 ከ32 ይወፍራል፣ ቆጥ ላይ ለሚተኛ ሰው ደግሞ የክረምት ዝናብ በስስ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንቅልፍ አይሰጥም።

የወለሉ ሥዕል

በደብተሩ ላይ 20 በ22 ካሬ ይሳሉ፤ 5 በ5.50 ሜትር ይህ ነው። የጭቃው ግድግዳ 20 ሴንቲ ሜትር ሲወስድ ውስጡ 4.60 በ5.10 ይቀራል። ርዝመቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያስተኙት። ቆጡ በምሥራቁ ጫፍ ይሁን፣ ምክንያቱን ፀሐይ ላይ ስንደርስ ያዩታል።

ከምሥራቁ ግድግዳ 2.30 ሜትር ለክተው ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ መስመር ያስምሩ። ቆጡን የሚሸከመው ዋና አግዳሚ እዚህ ነው የሚያልፈው። 4.60 ሜትር ለአንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ይረዝማል፤ መሃሉ ይጎብጣል። ስለዚህ መሃል ላይ፣ ከሁለቱም ግድግዳ 2.30 ሜትር ርቆ ምሰሶ ይቁም። አባቶች ምሰሶን የቤቱ እምብርት ላይ ያቆሙት ያለ ነገር አልነበረም፤ እርስዎም ከአራት ማዕዘን ቤት ውስጥ አያስወጡት። ዋናው አግዳሚ ውፍረቱ 15፣ ከእሱ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ የሚዘረጉት ትንንሾቹ አግዳሚዎች 10 ሴንቲ ሜትር ሆነው በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ይደርደሩ። ይህ ለሰው መኝታ ነው፤ ኩንታል ለመጫን ያሰበ ሰው እንጨቱን እንዲያወፍር ከአናጺው ጋር ይመካከር።

ቆጥ ሥር ያለውን 4.60 በ2.30 ለሁለት ይክፈሉት፦ 2.80 ሜትሩ የወላጆች መኝታ፣ 1.70ው የእህልና የበርበሬ ክፍል፣ በመካከል 10 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ግድግዳ። በምዕራብ በኩል የቀረው 4.60 በ2.80 ሳሎን ነው፤ ላዩ እስከ ጣሪያው ክፍት ይሁን። የምዕራቡን ግድግዳ ተከትሎ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ይሠራ፤ ቀን ቡና ይጠጣበታል፣ ማታ ሁለት እንግዳ ይተኛበታል። የውጭውን በር 90 ሴንቲ ሜትር አድርገው በሰሜን ወይም በደቡብ ግድግዳ ላይ ያውጡት፤ ዝናብ አዝሎ የሚመጣው ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ ለጎረቤት ጠይቀው ተቃራኒውን ይምረጡ።

ቆጡ ላይ ሁለት የ1.20 ፍራሽ ግራና ቀኝ ያንጥፉ፣ መሃሉን 1 ሜትር ለመተላለፊያ ይተዉ። በርበሬውን ታች ካስቀሩ አራት ልጆች ያለ ጠብ ያድራሉ።

መሰላሉ

ትክክለኛ ደረጃ ለ2.30 ሜትር ከፍታ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ወለል ይበላል፤ ሳሎኑ 2.80 ነው፣ ስለዚህ አይሆንም። 65 ዲግሪ የቆመ፣ መርገጫው በየ23 ሴንቲ ሜትሩ የተቀመጠ መሰላል ግን 1.10 ሜትር ብቻ ይወስዳል። ቦታው ከምሰሶው ጎን፣ በመኝታውና በማከማቻው በሮች መካከል ነው። ራሱ ከዋናው አግዳሚ ጋር በብሎን ይታሰር፤ የሚነሣ የሚጋደም መሰላል ልጅ ይጥላል። መርገጫው ክብ እንጨት ሳይሆን እግር ሙሉውን የሚያሳርፍ ጠፍጣፋ ጣውላ ይሁን። የቆጡ ክፍት ጠርዝ በሙሉ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ይሠራለት፤ ሕፃን የማይሾልክበት ጥቅጥቅ ያለ። መግቢያው 70 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል።

ፀሐይ፣ ነፋስና ትንኝ

ቦኖሻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜ አብዛኛው ሰማይ በደመና የተሸፈነ ነው። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ በደቡብ በኩል ናት፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ከአናት ወደ ደቡብ 31 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። የ70 ሴንቲ ሜትሩ የጣሪያ ክንፍ በዚያ ቀትር ግድግዳውን ከላይ አንስቶ ከወለሉ 1.33 ሜትር ከፍታ ድረስ ወርዶ ያጠላዋል። የደቡቡን መስኮት ከ1.20 እስከ 2.10 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ካወጡት በዚያ ቀትር አብዛኛው ክፍሉ ጥላ ያገኛል።

ክንፍ የማይከላከላት የማታዋን ፀሐይ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምዕራቡን ግድግዳ ስትመታው ትቆያለች፣ ጭቃው የጠጣውን ሙቀት እስከ ሌሊት ይተፋል። ቆጡን በምሥራቅ ያደረግነው ለዚህ ነው። የምዕራቡ ግድግዳ መስኮት አይኑረው፤ ከውጭ ዛፍ ይተከልበት።

በሁለቱም ጫፍ ግድግዳዎች ላይ፣ ከጣሪያው አናት ሥር፣ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መተንፈሻ ይተዉ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከልም አየር ከክንፉ ገብቶ በአናቱ የሚወጣበት ክፍተት ይኑር። ያለ ኮርኒስ ቆጥ አይታሰብ። የቀርከሃ ምንጣፍ ርካሽና ጥሩ ኮርኒስ ነው። በቆጡ የምሥራቅ ግድግዳ ላይ 60 በ60 የሆነ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ያውጡ፤ እሳት ቢነሣ መሰላሉ ከተዘጋ ሰው የሚያመልጥበት ይህ ነው።

የቦዮ ዙሪያ ዝቅ ያለና ረግረጋማ ነው፤ ወባ አለ። መተንፈሻውና መስኮቱ ሁሉ በወንፊት ሽቦ ይሸፈኑ፤ የቆጡ ማምለጫ መስኮት ሽቦ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። አጎበሩን ግን ሽቦው አይተካውም። ቆጥ ላይ አጎበር ለመስቀል ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ብዙ ሰው ይሰለችና ይተወዋል፤ መድኃኒቱ ገና ሲሠራ ከየፍራሹ በላይ ወራጆቹ ላይ አራት አራት መንጠቆ ማስመታት ነው። የአጎበሩ ትርፍ ጨርቅ ፍራሹ ሥር ይጠቀጠቃል።

እሳት ከቤት ውጭ

ታዋቂው የፈረንሳይና የስዊስ አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ በ1952 እ.ኤ.አ. በሜዲትራኒያን ዳርቻ ለራሱ የሠራት ጎጆ 3.66 በ3.66 ሜትር ናት፤ የጣሪያዋ ቁመት 2.26። ማድ ቤት አልነበራትም፤ ከጎኗ ያለው ምግብ ቤት ያበላው ነበር። ጎጆ ሁልጊዜ ትንሽ የምትሆነው አንድ ሥራ ወደ ውጭ ሲወጣላት ነው። በቦኖሻ የሚወጣው እሳቱ ነው። ከእንሰት አተካና የሚሠራበት፣ ዋሳ የሚጋገርበት ማድ ቤት ከዋናው ቤት 4 ሜትር ያህል ርቆ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ቆጡ መስኮት በማያመጣበት ወገን ይቁም። የድሮው ዓይነት ቆጥ፣ ዘርና እህል የሚታጠንበት፣ እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ይሠራ። ጥቅሙ አልጠፋም፤ ቦታው ነው የተለወጠው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የቡናውን ከሰል ሳሎን ውስጥ ትቶ ቆጥ ላይ መተኛት ሰው ይገድላል። ከሰሉ ጭስ ባይኖረውም የሚያወጣው መርዛም አየር አይታይም፣ አይሸትም። ቡናው ካበቃ ምድጃው ከነፍሙ ወደ ደጅ ይውጣ።

ውሃን በአጭሩ፦ ጣሪያዋ ከላይ ሲታይ 41 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ስለሆነ አንድ ደህና የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ሁለት በርሜል ሊሞላ ይቃረባል። አሸንዳውንና የበርሜሉን ቦታ በማድ ቤቱ በኩል ባለው ማዕዘን ላይ ከአሁኑ ይሳሉ። መጸዳጃው ደግሞ ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ርቆ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን።

ደጋ ላይ ከሆነ

መሬትዎ ዶዮገና ወይም አንጋጫ፣ ወደ አምባሪቾ ተራራ ከፍ ብሎ ከሆነ ይኸው ፕላን ይሠራል፣ ግን ይገለበጣል። እዚያ የሌሊቱ ብርድ ነው ጠላቱ። ቆጡን ወደ ምዕራቡ ጫፍ ያዙሩት፤ የማታዋ ፀሐይ ያሞቀችው ግድግዳ ለመኝታ ይጠቅማል። መተንፈሻውን በግማሽ ያሳንሱ እንጂ አይድፈኑት።

ገመዱን መዘርጋት

ሥዕሉ ሲያልቅ መሬት ላይ በልኩ ይውረድ። አራት ችካል፣ ሲባጎ፣ ሜትርና አንድ ስሃን አመድ ይበቃል። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለኩ፤ በሁለቱ መካከል ያለው 5 ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ሁለቱን ሰያፎች ይለኩ፤ ሁለቱም 7.43 ሜትር ካልመጡ ችካሉን ያንቀሳቅሱ። ግድግዳውን፣ ምሰሶውን፣ መሰላሉንና አልጋውን በአመድ ያስምሩ። ከዚያ እናትዎን ወይም አክስትዎን በዚያ ውስጥ እንዲሄዱ ይጠይቋቸው፦ ውሃ ይዘው ይግቡ፣ መደቡ ላይ «ይቀመጡ»፣ ሌሊት ወደ ደጅ ለመውጣት ከአልጋቸው ይነሡ። የሚጠብበት ቦታ ያን ጊዜ ይታወቃል፤ አመድ መደምሰስ ደግሞ ግድግዳ ከማፍረስ ይቀላል።

እርስዎ ጆሃንስበርግ ሆነው ሥራው ቦኖሻ የሚሠራ ከሆነ ለአናጺው ሁለቱንም ሥዕሎች፣ የወለሉንና የቁመቱን፣ በቴሌግራም ይላኩ። በቁመቱ ሥዕል ላይ 2.15፣ 2.30 እና 2.90 የሚሉትን ሦስት ቁጥሮች በቀይ ይክበቧቸው፤ በልማድ የሚቀየሩት እነሱ ናቸውና። የመሠረት ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በተዘረጋው ገመድ ላይ ሜትሩ ተጋድሞ ፎቶ ይነሣልዎት። ቋሚዎቹ ሲቆሙም እንዲሁ፣ ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት፣ አንድ ሰው የቆጡ አግዳሚ ላይ ቆሞ አናቱ ወራጁን እንደማይነካ የሚያሳይ ፎቶ ይጠይቁ። የመጨረሻውን ክፍያ ከዚያ ፎቶ በኋላ ይላኩ።